ፊፍ በተግባር እንዴት ይሠራ ነበር? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የመካከለኛውን ዘመን አውሮፓ የፊውዳል ሥርዓት የሚያስረዳ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አይተናል። ፍሬ ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ንጉሡ መሬቱን ፊፍ፣ ማለት በአገልግሎት ምላሽ ከጌታ የሚያዝ ይዞታ፣ አድርጎ ለመኳንንት ሰጠ፤ መኳንንቱ ለፈረሰኛ ተዋጊዎች፣ ፈረሰኞቹም ለገበሬዎች አከፋፈሉ። ተቀባዩ ጦርነት በተነሣ ቁጥር ይዘምታል፤ ሰጪው ሲከፋው መሬቱን ይነጥቃል። ሴቶች በዚህ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ነገሩ ሁሉ ከእኛ አገር ጉልት ጋር አንድ ነው፤ ባሩድ ሲመጣም ሥርዓቱ ፈረሰ።

ይህን ሥዕል ይዞ ያደገ ተማሪ የማግና ካርታን፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ዮሐንስ በ1215 ለባሮኖቹ (ለትላልቅ ባለመሬቶቹ) የሰጠውን የመብት ሰነድ፣ አንቀጾች ሲያነብ ግራ ይጋባል። ሰነዱ ገና ከሁለተኛው አንቀጽ ጀምሮ ስለ ውርስ ክፍያ፣ ስለ ሞግዚትነት፣ ስለ መበለቶች ነው የሚያወራው፤ ስለ ዘመቻ ግን ብዙም አይናገርም። ምክንያቱም ፊፍ ከሁሉ በፊት በውርስ የሚተላለፍ፣ በፍርድ ቤት የሚጠበቅ፣ በገንዘብ የሚተመን መብት ነበር። ስለዚህ የጽሑፉን ነጥቦች አንድ በአንድ እንመልሳለን። መዝገቡ በብዛት የተረፈው በእንግሊዝ ስለሆነ አብዛኛው ምሳሌያችን ከዚያ ነው። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከፒራሚዱ እንጀምር። ከላይ ንጉሥ፣ ከታች ገበሬ፣ በመካከል እያንዳንዱ ሰው አንድ ጌታ ብቻ አለው የሚለው አሳሳል ከመጀመሪያው የተሳሳተ ነው። አንድ ሰው ከብዙ ጌቶች ፊፍ ሊይዝ ይችል ነበር፤ በፈረንሳይማ ይህ የተለመደ ነበር። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የቱሉ ዣን የተባለ ሰው ለሻምፓኝ ቆንጢሲትና ለልጇ ለቆንጥ (የግዛት ገዢ ማዕረግ ነው) ቲቦ ያደረበት፣ ማለት የእነሱ ሰው የሆነበት፣ ሰነድ ችግሩን በግልጽ ያሳያል። ዣን ለእነሱ ሲያድር የሌሎች ሦስት ጌቶቹን መብት አስቀድሞ ይጠብቃል፤ ከሦስቱ አንዱ የግራንፕሬ ቆንጥ ነው። ከዚያ የሚመጣውን ጠብ አስቦ ይደነግጋል። የግራንፕሬው ቆንጥ በራሱ ጉዳይ ከሻምፓኝ ጋር ቢዋጋ፣ ዣን ራሱ ከግራንፕሬ ጎን ይሰለፋል፤ ለሻምፓኝ ደግሞ በፊፉ የሚገባቸውን ፈረሰኞች ይልካል። የግራንፕሬው ቆንጥ የሚዋጋው ለወዳጆቹ ብሎ ከሆነ ግን፣ ዣን ራሱ ከሻምፓኝ ጋር ሆኖ ለግራንፕሬ አንድ ፈረሰኛ ይልካል። በአንድ ጦርነት የአንድ ሰው ግዴታ በሁለቱም ወገን ቆመ ማለት ነው። ይህ በሕግ የተፈቀደና በጽሑፍ የተቀመጠ ውል ነበር። ከጌቶች ሁሉ የሚበልጥ አንድ ዋና ጌታ የመምረጥ ልማድ የመጣውም ከዚህ ጭንቀት ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ሰዎች ዋና ጌቶቻቸውንም አበዙ።

በእንግሊዝ ንጉሡ ይህን አስቀድሞ ያየው ይመስላል። በ1066 እንግሊዝን የወረረው ዊልያም በ1086 በሶልዝበሪ ሜዳ ላይ ቁም ነገር ያለው ባለመሬት ሁሉ፣ የማንም ጌታ ሰው ቢሆን፣ ለንጉሡ በቀጥታ ታማኝነቱን እንዲምል አደረገ።

ጽሑፉ ፊፍን መሬት ብቻ አድርጎ ማየቱም ትክክል አይደለም። ወፍጮ፣ የድልድይ ቀረጥ፣ የገበያ ገቢ፣ ሹመት፣ አልፎ ተርፎ በየዓመቱ የሚከፈል ጥሬ ገንዘብ ፊፍ ይሆን ነበር። በ1101 በዶቨር በተደረገው ስምምነት የፍላንደርሱ ቆንጥ ሮበርት ለእንግሊዙ ንጉሥ ለቀዳማዊ ሄንሪ 1,000 ፈረሰኞች ለማቅረብ ቃል ገባ፤ በምላሹ የተሰጠው በዓመት 500 ፓውንድ ነበር። አንድ ጋሻ መሬት እንኳ አልተለወጠም።

ፊፍ የሚሰጥበትን ሥርዓት ጽሑፉ «መሐላ» ብሎ በአንድ ቃል አልፎታል። በተግባር ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፤ ቅደም ተከተላቸውም ትርጉም ነበረው። ከሁሉ የጠራው ምስክርነት በሚያዝያ 1127 በብሩዥ ለአዲሱ የፍላንደርስ ቆንጥ ለዊልያም ክሊቶ የተደረገው ነው። መጀመሪያ ቆንጡ ሰውየውን ሙሉ በሙሉ የእርሱ ሰው ለመሆን ይፈቅድ እንደሆነ ጠየቀው፤ ሰውየውም «እፈቅዳለሁ» አለ። ሁለቱን እጆቹን አጋጥሞ በቆንጡ እጆች መካከል አኖረ፤ ተሳሳሙ። ይህ ማደር ነው። ቀጥሎ የታማኝነት ቃል ሰጠ፤ ቃሉንም በቅዱሳን ዐፅም ላይ ማለ። በመጨረሻ ቆንጡ በያዘው በትር ፊፉን አስረከበ። በሌላ ቦታ በበትሩ ፈንታ ጓል፣ ቅርንጫፍ ወይም ቢላዋ ይሰጥ ነበር። ማደርና መሬት መረከብ የተነጣጠሉ ድርጊቶች መሆናቸው ትንሽ ነገር አይደለም፤ መሬት ሳይቀበል የሚያድር ሰው ነበር፣ ካደረ በኋላ መሬቱን ያላስረከበ ጌታም ይከሰስ ነበር። የሻርትሩ ጳጳስ ፉልቤር በ1020 ገደማ ለአኪቴኑ መስፍን በጻፈው ደብዳቤ የቫሳሉን፣ ማለት ለጌታ ያደረውን ሰው፣ ግዴታ በስድስት ነገር ከዘረዘረ በኋላ ጌታውም ለታማኙ ያንኑ ሊመልስ ይገባል ብሏል።

አሁን ወደ ዋናው ስሕተት እንምጣ፤ ተቀባዩ ጦርነት በተነሣ ቁጥር ይዘምታል ወደሚለው።

በእንግሊዝ ከንጉሡ በቀጥታ መሬት የያዘ ሰው የሚያቀርበው ፈረሰኛ ቁጥር የተወሰነ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የአምስት ወይም የዐሥር ብዜት ነው። ቁጥሩ ግን ከመሬቱ ስፋትና ሀብት ጋር አይመጣጠንም። የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ 60 ፈረሰኛ ነበረበት፤ የፒተርበሮ ገዳምም 60። የግላስተንበሪ ገዳም 40፣ የቤሪ ሴንት ኤድመንድስ 40፣ የሴንት አልባንስ ደግሞ 6 ብቻ። ባለጠጋው የራምዚ ገዳም 4 ፈረሰኛ ብቻ ነበረበት። ይህን የወሰነው ከወረራው በኋላ ከንጉሡ ጋር የተደረገ ድርድርና የዚያን ጊዜ ሁኔታ ነው፤ የእርሻ ልኬት አልወሰነውም። ስለዚህ «አንድ የፈረሰኛ ፊፍ (የአንድ ፈረሰኛ አገልግሎት ያለበት ይዞታ) ይህን ያህል ሄክታር ነው» የሚል ማንኛውም ሠንጠረዥ የሚያሳስት ነው።

አገልግሎቱም በጊዜ የተገደበ ነበር፤ በልማድ 40 ቀን። ከ40 ቀን በላይ የቆየ ፈረሰኛ ገንዘብ ይከፈለዋል። የሚዘመትበት ቦታ ራሱ ያከራክር ነበር። ቀዳማዊ ሪቻርድ በ1197 መጨረሻ ወደ ፈረንሳይ የሚሻገሩ ፈረሰኞች ሲጠይቅ የሊንከኑ ጳጳስ ሂው የሊንከን ቤተ ክርስቲያን ግዴታ ከእንግሊዝ ወሰን አያልፍም ብሎ ፊት ለፊት እምቢ አለ። የቤሪ ሴንት ኤድመንድስ አበምኔት ሳምሶን ደግሞ ንጉሡን መታዘዝ ቢፈልግም የራሱ ፈረሰኞች ባሕር ተሻግረን የመዝመት ግዴታ የለብንም አሉት፤ አበምኔቱ አራት ቅጥረኛ ፈረሰኞች ለማቆም ተገደደ።

በዚህ ላይ የውርስ ክፍፍል ይጨመራል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መዝገብ ውስጥ ግማሽ፣ አንድ ዐሥረኛ፣ አንድ አርባኛ የፈረሰኛ ፊፍ የያዙ ሰዎች ይገኛሉ። የፈረሰኛ አንድ አርባኛ እንዴት ይዘምታል? አይዘምትም፤ ይከፍላል። ለዚህም የጋሻ ገንዘብ የሚባለው ክፍያ ነበር። ዳግማዊ ሄንሪ በ1159 ለቱሉዝ ዘመቻ የጠየቀው በአንድ የፈረሰኛ ፊፍ 2 ማርክ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ የፈረሰኛ የቀን አበል 8 ፔኒ ነበር፤ በ40 ቀን ሲባዛ 320 ፔኒ ይመጣል። አንድ ማርክ 160 ፔኒ ስለሆነ 320 ፔኒ ልክ 2 ማርክ ነው። ንጉሡ ባገኘው ገንዘብ ቅጥረኛ ወታደር ያሰማራል፤ ቅጥረኛው በ41ኛው ቀን ወደ ቤቴ ልሂድ አይልም።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። የቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ገዳም ለንጉሡ የ40 ፈረሰኛ ዕዳ ሲኖርበት ከመሬቱ ላይ ለ50 ፈረሰኛ ፊፍ ቆርሶ ሰጥቶ ነበር። የጋሻ ገንዘብ ሲጣል አበምኔቱ ከ50ው ሰብስቦ የ40ውን ለንጉሡ ያስገባል፤ የ10ሩ ክፍያ የገዳሙ ነው። ፈረሰኞቹ የ40ውን ብቻ ለ50 ተካፍለን እንክፈል ብለው ሳምሶንን ሞገቱት፤ ተሸነፉ። ዳግማዊ ሄንሪም ይህን ልዩነት አይቶ በ1166 ባለመሬቶቹን ሁሉ በደብዳቤ ጠየቀ፦ በ1135፣ አያቱ ሲሞት፣ ስንት ፈረሰኛ በፊፍ ላይ ነበራችሁ? ከዚያ ወዲህ ስንት ጨመራችሁ? በራሳችሁ ሁዳድ ላይ የተቀመጡት ስንት ናቸው? ብዙዎቹ በቅንነት መለሱ፤ ንጉሡም ካሁን በኋላ በትልቁ ቁጥር ላይ ልጣል አለ። ቤተ ክህነቶቹ አጥብቀው ተቃወሙ። ንጉሥ ዮሐንስ በ17 ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ የጋሻ ገንዘብ ጣለ፤ በ1214ቱ ተመኑን 3 ማርክ አደረሰው። በሚቀጥለው ዓመት ማግና ካርታ መጣ።

ጽሑፉ ጨርሶ ያልነካው፣ በእኛ ግምት የፊፍ ልብ የሆነው ነገር ግን ባለፊፉ ሲሞት የሚሆነው ነው። ወራሹ አዋቂ ከሆነ መሬቱን ለመረከብ ለጌታው ይከፍላል። ለአንድ የፈረሰኛ ፊፍ ልማዱ 100 ሺሊንግ፣ ማለት 5 ፓውንድ ነበር። ከንጉሡ በቀጥታ የሚወርስ ባሮን ግን ንጉሡ የፈቀደውን ያህል ነበር የሚጠየቀው። ኒኮላስ ደ ስቱትቪል በ1205 ርስቱን ለመረከብ 10,000 ማርክ ተተመነበት፤ ከ6,600 ፓውንድ በላይ ነው። ሊከፍለው እንደማይችል ሁሉም ያውቃል፤ ንጉሡ የፈለገውም እሱን ነው። ዕዳ ያለበት ባሮን ካመፀ መሬቱ በዕዳው ይያዛል፣ እስኪከፍልም ድረስ ምርጥ ምርጡ በመያዣ ይቆያል። የማግና ካርታ ሁለተኛ አንቀጽ የባሮንን ክፍያ በ100 ፓውንድ፣ የፈረሰኛውን በ100 ሺሊንግ የገደበው ይህን ለማቆም ነበር።

ወራሹ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ጌታው ሞግዚት ይሆናል። ወንዱ 21 ዓመት እስኪሞላው የመሬቱን ገቢ ጌታው ለራሱ ይበላል፤ ሒሳብ አያቀርብም። ልጁን የመዳር መብትም የጌታው ነው። ይህ መብት በገበያ ይሸጥ ነበር፤ የገዛው ሰው ልጁን ለራሱ ልጅ ያጋባና መሬቱን ወደ ቤቱ ያስገባል። የሚፈጠረውን ብልሽት መገመት አያስቸግርም። ሞግዚቱ የሚያውቀው በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደሚለቅ ነው፤ ስለዚህ ዛፉን ቆርጦ ይሸጣል፣ ከብቱን ይጨርሳል፣ ቤቱንና ወፍጮውን አያድስም። ማግና ካርታ ሞግዚቶች ቤቱን፣ የዓሣ ኩሬውንና ወፍጮውን ከመሬቱ ገቢ እየጠገኑ እንዲያቆዩ፣ ለወራሹም መሬቱን ከነማረሻው እንዲያስረክቡ በግልጽ ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ሴቶች ቦታ አልነበራቸውም የሚለው ይወድቃል። ወንድ ልጅ ከሌለ ሴት ልጅ ትወርሳለች፤ በእንግሊዝ ወንዶች ከሆኑ የበኩሩ ሲወስድ፣ ሴቶች ብቻ ሲሆኑ ግን እኩል ይካፈሉ ነበር። ትላልቅ ባሮናዊ ርስቶች የተበጣጠሱት ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። መበለት ከባሏ መሬት ሲሶውን ዕድሜ ልኳን ትይዛለች። መብቱ እውነተኛ ስለነበረ ነው ዋጋ ያወጣው። ጄፍሪ ደ ማንደቪል በ1214 የግሎስተሯን ኢዛቤላን ለማግባት ለንጉሥ ዮሐንስ 20,000 ማርክ እንዲከፍል ተደረገ። የኦማል ቆንጢሲት ሀዊዝ በበኩሏ በ1212 ርስቷንና ሲሶዋን ለማግኘት፣ ያለ ፈቃዷም ዳግመኛ እንዳትዳር 5,000 ማርክ ቃል ገባች። ባል ላለማግባት የሚከፈል ይህን ያህል ገንዘብ ሴቶች ከሥርዓቱ ውጪ እንዳልነበሩ ይናገራል፤ በመሃሉ ነበሩ፣ ለዚያም በጣም ከባድ ዋጋ ከፈሉ። ሳታገባ መኖር የምትሻን መበለት ማንም እንድታገባ እንዳያስገድዳት የሚለው የማግና ካርታ ስምንተኛ አንቀጽ ከዚህ የመጣ ነው።

ሰጪው ሲከፋው ይነጥቃል ለሚለው መልሱ አጭር ነው፤ በሕግ አይችልም ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኮንራድ በግንቦት 1037 ሚላንን ከብቦ ሳለ ያወጣው ድንጋጌ በኢጣሊያ አነስተኛ ቫሳሎች ያለ እኩዮቻቸው ፍርድ ፊፋቸው እንዳይወሰድ፣ ልጆቻቸውም እንዲወርሱ አረጋገጠ። ኃያሉ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ እንኳ የሳክሶኒውን መስፍን ሄንሪ አንበሳውን በ1180 የነቀለው ደጋግሞ ጠርቶት ባለመቅረቡ ነው። የፈረንሳዩ ፊሊፕ ኦጉስትም በ1202 የንጉሥ ዮሐንስን የፈረንሳይ መሬቶች ሲወስድ መንገዱ ያው ነበር። በፈረንሳይ የዮሐንስ ሰዎች የነበሩት የሉዚኛን ቤተሰብ አቤቱታ ቀረበ፣ ዮሐንስ ተጠራ፣ አልቀረበም፣ ተፈረደበት፤ ኖርማንዲ በ1204 ተያዘች። ጦር ነበረ፣ ነገር ግን ጦሩ የተከተለው ፍርዱን ነው። በእንግሊዝ ከ1166 ገደማ ጀምሮ ጌታው ያለ ፍርድ ያፈናቀለው ባለመሬት ወደ ንጉሡ ፍርድ ቤት ሄዶ ትእዛዝ ያወጣል፤ 12 የአካባቢው ሰዎች ለአንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሳሉ፦ ይህ ሰው ያለ አግባብና ያለ ፍርድ ከመሬቱ ተነቅሏል ወይስ አልተነቀለም? ከተነቀለ ይመለሳል።

ፈረሰኞች ለገበሬዎች ፊፍ አከፋፈሉ የሚለው ግን ከሁሉ የሚያሳዝነው ስሕተት ነው፤ ጭቆናውን ውል ያስመስለዋልና። እስር ገበሬው፣ ቪሌን የሚባለው፣ ፊፍ አልነበረውም። በመካከለኛው እንግሊዝ የተለመደው ይዞታ 30 ኤከር ገደማ፣ ወደ 12 ሄክታር ነበር። ለዚህ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በጌታው ሁዳድ ላይ ይሠራል፤ በአጨዳ ጊዜ ቀኑ ይጨምራል። ሴት ልጁን ሲድር ይከፍላል፤ ሲሞት ጌታው ከከብቶቹ ምርጡን ይወስዳል። ከላይ የጠቀስነው የ12 ሰዎች ፍርድ ለእርሱ አይሠራም፤ በጌታው ላይ ቢከስ ጌታው «ይህ ቪሌኔ ነው» ብሎ ካስረዳ የንጉሡ ዳኞች መዝገቡን ይዘጋሉ። ፊፍና የገበሬ ይዞታ የሚለያዩት በዚህ መስመር ነው።

ጉልትን በተመለከተ ለማመሳሰል መሞከሩ አይከፋም፤ አንድ ነው ማለት ግን ሁለቱንም ያበላሻል። በርስት አገር ባለጉልቱ የያዘው ግብር የመሰብሰብና የመዳኘት መብት ነው፤ ከሥሩ ያለው ገበሬ በአባቱም በእናቱም የዘር ሐረግ የሚቆጥረው የራሱ ርስት አለው፣ ባለጉልቱ ሲሻርም ርስቱ ይቀጥላል። የእንግሊዙ ቪሌን እንዲህ ያለ በአገሩ ሕግ የታወቀ መብት አልነበረውም። በሌላ በኩል ተራ ጉልትና ማደሪያ ከሹመት ጋር የሚሰጥና የሚነሣ ስለነበር፣ «ሲከፋው ይነጥቃል» የሚለው ከ12ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ፊፍ ይልቅ ለእነሱ ይቀርባል፤ በዘር የሚተላለፈው ርስተ ጉልት ለብቻው መታየት አለበት። ርስት ለልጆች ሁሉ ሲከፋፈል፣ የእንግሊዝ የፈረሰኛ ፊፍ ደግሞ ለበኩር ወንድ ይሄዳል፤ ጌታው አንድ ወራሽ ላይ አተኩሮ ያን ሁሉ ክፍያና ሞግዚትነት ሊያወጣ የቻለው በዚህም ምክንያት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ የተዘረጋው የገባር ሥርዓት ከሰሜኑ የተለየ ታሪክ አለው፤ ሁሉንም በአንድ ቃል መጠቅለል ለገባሩ መከራም ፍትሕ አይሰጥም።

የቀረው ባሩድ ነው። የፊፍን ሰንሰለት በእንግሊዝ የቆረጠው የሒሳብ ችግር ነበር። አንድ ሰው ከንጉሡ በአንድ ፈረሰኛ አገልግሎት የያዘውን መሬት ለሌላ ሰው በጥሬ ገንዘብ ይሸጥና ገዢው የእርሱ ቫሳል ሆኖ በዓመት አንድ ጽጌረዳ አበባ ወይም አንድ ፓውንድ በርበሬ እንዲከፍለው ይስማማል። ሻጩ ሕፃን ልጅ ትቶ ሲሞት ንጉሡ በሞግዚትነት የሚያገኘው መሬቱን ሳይሆን ያቺን ጽጌረዳ ነው። ለገዳም ከተሰጠማ ገዳም አይሞትም፣ ሕፃን ወራሽ አይተውም፤ የመሞቻው ክፍያ ለዘላለም ይቀራል። ቀዳማዊ ኤድዋርድ በ1279 ያለ ፈቃድ መሬት ለቤተ ክህነት መስጠትን ከለከለ፤ በ1290 ደግሞ ነፃ ባለመሬት መሬቱን እንዲሸጥ ፈቅዶ፣ ገዢው ግን በሻጩ ቦታ ተተክቶ በቀጥታ የሻጩ ጌታ ሰው እንዲሆን ደነገገ። ከዚያ ወዲህ በፊፍ ላይ አዲስ ፊፍ መቁረስ ቆመ፤ ይህ የሆነው መድፍ በአውሮፓ ጦር ሜዳ ከመሰማቱ በፊት ነው።

ክፍያዎቹ ግን ቀጠሉ። ስምንተኛው ሄንሪ በ1540 የሞግዚትነት ገቢን የሚያስተዳድር ፍርድ ቤት አቋቋመ። ፓርላማው በ1660 የፈረሰኛ ፊፍ ግዴታዎችን ሲያስወግድ ለንጉሡ ካሳ ሰጠ፤ ካሳው የመጣው በቢራና በመሳሰሉት መጠጦች ላይ ከተጣለ ቀረጥ ስለሆነ ባለመሬቶቹ የተገላገሉትን ሸክም ጠጪው ሕዝብ ተሸከመው። ከቪሌን ይዞታ የወረደውን የመሬት ዓይነት የያዙት ገበሬዎች በዚያ ሕግ አልተነኩም፤ ይዞታቸው ከጌታው መዝገብ የተላቀቀው ከጥር 1 ቀን 1926 ጀምሮ ነው።